የባሌ ተራሮች፦ ከመጓዛችን በፊት ልናውቃቸው የሚገቡ ነገሮች



የሴሚስተር ፈተና ሲያበቃ በየዶርሙ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ዘንድሮ የት እንሂድ?» ብዙ ጊዜ መልሱ ለከተማ ቅርብ የሆነ ሐይቅ ወይም መዝናኛ ይሆናል። በዚህ እትም ሌላ ሐሳብ ይዘን መጥተናል፤ የባሌ ተራሮችን። ባሌ ለጉብኝት ብቻ የምትመረጥ አይደለችም። የሀገራችን የእስልምና ታሪክ ትልቅ ክፍል የተጻፈባት፣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ እንስሳት የሚኖሩባት፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የሚጠጣው ውኃ የሚመነጭባት ምድር ናት። ሆኖም ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ጉዞ እንደ ሐይቅ ዳር ሽርሽር አይደለም። ቅዝቃዜው፣ የአየሩ መሳሳት፣ የሶላታችን ጉዳይ፣ የአካባቢው ሰው መብት፣ ሁሉም ቀድሞ መታወቅ አለበት። ስለዚህ በቅድሚያ የምናየውን፣ ቀጥሎም እንዴት እንደምናየው በቅደም ተከተል እናብራራለን።

ባሌ በታሪክ

በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የታሪክና የጂኦግራፊ ጸሐፊ ኢብን ፈድሉላህ አል-ዑመሪ በአፍሪካ ቀንድ የነበሩ ሰባት የሙስሊም ግዛቶችን ዘርዝሯል። ከእነ ይፋት፣ ደዋሮና ሐድያ ጋር «ባሊ» ብሎ ያነሳት ይህችው ባሌ ናት። እንግዲህ ወደዚያ የምንሄደው እንደ ባዕድ ሀገር ጎብኚ አይደለም። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ስለሆነ መስጂድም ሐላል ምግብም ማግኘት አያስቸግርም። «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ መስጠትና «ገለቶማ» ብሎ ማመስገን የምንችል ከሆነ ደግሞ የሚከፈተው በር ብዙ ነው።

የሰው ልጅ ታሪክ በባሌ ከዚያም እጅግ ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው ፊንጫ ሀበራ በሚባል የድንጋይ ጥላ ሥር፣ በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች ይኖሩ ነበር። በከፍተኛ ተራራ ላይ ሰው ሰፍሮ እንደኖረ ከሚያሳዩ ማስረጃዎች ሁሉ በዕድሜ ቀዳሚው ይህ ነው። እነዚያ ሰዎች ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ ነበር፤ ለመሣሪያ የሚሆናቸውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት ድንጋይ ደግሞ ወደ 4,200 ሜትር ገደማ ወጥተው ያመጡ ነበር። በወቅቱ የተራራው አናት በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነበር። እኛ ከጃኬትና ከፍራሽ ቦርሳ ጋር የምንፈራውን ብርድ እነሱ ተላምደውት ኖረዋል።

ምን ምን እናያለን?

ባሌ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በአሰላ ወይም በሻሸመኔ አድርጎ በዶዶላና በአዳባ በኩል ይገባል። የመኪናው ጉዞ ሙሉ ቀን ይወስዳል። መሠረታችንን ሮቤ ወይም ጎባ ላይ እናደርጋለን፤ ሁለቱ ከተሞች በ15 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይራራቃሉ። ሮቤ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ስለሆነች ከተማሪዎቹ ጋር አስቀድሞ መገናኘት ለማረፊያም ለምክርም ይጠቅማል።

ዲንሾና ጋይሳይ። ከሮቤ በፊት የምናገኛት ዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለባት ናት። መግቢያ የሚከፈለውም አስጎብኚ የሚያዘውም እዚሁ ነው። በጥድና በኮሶ ዛፎች መሐል የደጋ አጋዘን ያለ ብዙ ፍለጋ ይታያል። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም፤ የሳይንስ ዓለምም ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1908 ገደማ ነው፤ ለትልቅ አጥቢ እንስሳ በጣም የዘገየ ጊዜ ነው። ወንዱ የተጠማዘዘ ቀንድ አለው፤ ሴቷ የላትም። የምኒልክ ድኩላና ከርከሮም በዚሁ ይውላሉ። አቅሙ ውስን ለሆነና ብዙ መራመድ ለማይችል ቡድን ዲንሾ ብቻውን በቂ ጉብኝት ነው።

የዌብ ሸለቆ። ከዲንሾ በእግር ወይም በፈረስ የሚኬድበት ሰፊ ሜዳ ሲሆን የዌብና የወላ ወንዞች በሚገናኙበት የፊንጫ ሀበራ ፏፏቴ አለ። ፈረሶቹ የአካባቢው ገበሬዎች ናቸው፤ በየተራቸው ነው የሚያከራዩት። ተራ የሚያስጠብቀው ሰው ያዘዘውን ትቶ «ያኛው ይሻለኛል» ማለት ሌላውን ከተራው ማስወጣት ነውና እንጠንቀቅ።

የሳነቴ አምባ። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ በአስታ ቁጥቋጦ መሐል እየወጣ ከ4,000 ሜትር በላይ ወዳለው ሜዳ ያደርሳል። በአፍሪካ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ውርጫማ ደጋ በስፋት አንደኛው ይህ ነው። ትናንሽ ሐይቆች፣ የድንጋይ ክምሮች፣ ከሰው ቁመት በላይ የሚቆም ጅብራ ይታያሉ። የባሌ ከፍተኛ ጫፍ ቱሉ ዲምቱ (በአፋን ኦሮሞ «ቀዩ ተራራ») 4,377 ሜትር ሲሆን እስከ አናቱ ድረስ የመኪና መንገድ አለው።

ቀይ ቀበሮን ለማየት ከዓለም ሁሉ የሚሻለው ቦታም ይኸው አምባ ነው። ከ500 የማይበልጡ አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ብቻ በዓለም ላይ ቀርተዋል፤ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ ደግሞ ባሌ ውስጥ። ዋነኛ ምግቡ ሌላ ቦታ የማይገኝ፣ እስከ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ግዙፍ ፍልፈል ነው። ቀበሮው ጉድጓዱ አጠገብ ሳይንቀሳቀስ ረጅም ጊዜ ያደባል። መኪና ቆሞ ሰው ወርዶ ከጮኸ አደኑ ይበላሻል፤ ስለዚህ እንደሱው ዝም ብሎ መጠበቅ ነው።

የሐረና ጫካ። ከሳነቴ በስተደቡብ መንገዱ ባልታሰበ ፍጥነት ቁልቁል ይወርዳል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከውርጭ ወደ ጉም፣ ከጉም ወደ ቀርከሃ፣ ከቀርከሃ ወደ ጥቅጥቅ ደን ይገባል። በቀርከሃው ውስጥ የባሌ ጦጣ ይኖራል፤ ምግቡም በአብዛኛው የቀርከሃ ቅጠል ነው። በታችኛው ጫካ ቡና ሰው ሳይተክለው በራሱ ይበቅላል፤ ዛፎቹ ላይ የተሰቀሉት ቀፎዎች ደግሞ የነዋሪው የገቢ ምንጭ ናቸው። ጫካው አንበሳም ስላለው ያለ አስጎብኚ በእግር መግባት አይፈቀድልን፤ እኛም አንሞክረው።

ሶፍ ዑመር። ከሮቤ ወደ ምሥራቅ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚገኝ ሲሆን ከተራራው የወረደው የዌብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ሰንጥቆ የገባበት ዋሻ ነው። ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝሙት መተላለፊያዎቹ በኢትዮጵያ አቻ የለውም። አሠራሩ ቀላል ኬሚስትሪ ነው፦ የዝናብ ውኃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱ የኖራ ድንጋይን ቀስ እያለ ያሟሟል፤ ወንዙ የሟሟውን ያጥባል። በረጅም ዘመን የቀሩት ዓምዶች ሰው የጠረባቸው የሚመስሉ ሆነዋል። ዋሻው ስሙን ያገኘው በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተጠልለውበት እንደነበር በትውፊት ከሚነገርላቸው ከሸኽ ሶፍ ዑመር ነው። በክረምት ወንዙ ስለሚሞላ አይገባበትም።

ድሬ ሸኽ ሑሴን። ከዋሻው አልፎ ወደ ዋቢ ሸበሌ አቅጣጫ የሚገኘው የሸኽ ሑሴን መካን፣ በነጭ ግንቡና በጉልላቱ የታወቀ ነው። ሸኽ ሑሴን በባሌና በአርሲ ለእስልምና መስፋፋት ትልቅ ድርሻ እንዳላቸው ይነገራል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በዙልሒጃና በረቢዐል አወል ወራት፣ ከአርሲ፣ ከባሌና ከሐረርጌ ሕዝብ መንታ ጫፍ ያለው በትር ይዞ ይተማል። ስለ ዚያራ ሸርዓዊ ብይን በመካከላችን የተለያየ አቋም እንዳለ እናውቃለን፤ ይህ ጽሑፍ ያንን ለመፍታት አልተነሳም፤ እያንዳንዳችን የምናምነውን ዓሊም እንጠይቅ። ሆኖም ታሪኩን ማወቅ ለሁላችንም ይጠቅማል። በሰዎች ቀዬ ገብቶ አረጋውያንን መከራከር ግን ከእንግዳ አደብ አይደለም።

ከፍታው ሰውነታችንን ምን ያደርገዋል?

በቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይም አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 በመቶ ነው። የሚለወጠው ግፊቱ ነው። በባሕር ወለል 101 ኪሎ ፓስካል የሆነው የአየር ግፊት አዲስ አበባ ላይ ወደ 76፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ ደግሞ ወደ 59 ይወርዳል። በአንድ ትንፋሽ የምንስበው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሰውነታችን ቶሎ ቶሎ በመተንፈስና ልብን በማፍጠን ይህን ለማካካስ ይሞክራል፤ ለመላመድ ግን ቀናት ይፈልጋል።

ፈጥነን ከወጣን የከፍታ ሕመም ሊይዘን ይችላል። ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ናቸው። ጎበዝ ስፖርተኛ መሆን ከዚህ አያድንም። ሦስት ደንቦችን እንያዝ፦

1. ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው እስኪሻለው ወደ ላይ አይቀጥልም። ካልተሻለው ይወርዳል። የሚያስነክስ፣ የሚያደናግር ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ የሚያሳጥር ከሆነ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ይወርዳል።

2. ከ3,000 ሜትር በላይ የምናድርበት ቦታ በየሌሊቱ ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመረጣል። ሳነቴን ቀን አይቶ ዝቅ ባለ ቦታ ማደር ለጀማሪ ይሻላል።

3. ሕመሙን መደበቅ የለም። በቡድን ጉዞ ብዙ ጊዜ ጉዳት የሚመጣው «ሰዎቹን አላስቸግር» ከሚል ይሉኝታ ነው። አሚሩ ጠዋትና ማታ እያንዳንዱን ሰው ይጠይቅ፤ የእህቶችን ሁኔታ የምትከታተል እህት ትመደብ። አስም፣ የልብ ችግር ወይም የደም ማነስ ያለበት አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

ቅዝቃዜውን በተመለከተ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀንሳል። ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ቱሉ ዲምቱ ከእሷ በ12 ዲግሪ ያህል ይበርዳል። በበጋ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ቀን ደግሞ ፀሐዩ ቆዳ ያቃጥላል፤ ጨረሩን የሚያጣራው አየር ስስ ነውና። ካልሲ፣ ጓንት፣ የሱፍ ኮፍያና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ግዴታ ናቸው። ውኃም እዚያ 85 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ባቄላና ምስር ይዞ መውጣት ጋዝ መጨረስ ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ቴምርና ዳቦ ይሻላሉ።

ቂብላና ሶላት በተራራ ላይ

እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ ያላሰባችሁት አንድ ነገር አለ። የቱሉ ዲምቱ ጫፍ የሚገኘው 39 ዲግሪ ከ49 ደቂቃ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ነው። የካዕባም ኬንትሮስ 39 ዲግሪ ከ49 ደቂቃ ነው። ማለትም ከተራራው ጫፍ ቀጥታ ወደ ሰሜን መስመር ብንዘረጋ ከ1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ መካ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሳነቴ ላይ ቂብላ ሰሜን ነው፤ የስልክ ባትሪ ቢያልቅ ተራ ኮምፓስ ይበቃል።

ኮምፓስም ባይኖር ጥላ አለ። ከኅዳር እስከ የካቲት ፀሐይ ከባሌ በስተደቡብ በኩል ስለምታልፍ በቀኑ እኩሌታ በቀጥታ የተተከለ ዱላ ጥላው አጭር በሚሆንበት ቅጽበት ሰሜንን፣ ማለትም ቂብላን ያመለክታል። ይህ ቅጽበት በእነዚህ ወራት ከቀኑ 6 ሰዓት ከ5 እስከ 6 ሰዓት ከ35 ባለው ውስጥ ይውላል። ሁለቱ ቦታዎች በአንድ ኬንትሮስ ላይ ስለሆኑ የዙህር ወቅትም ባሌና መካ ላይ በአንድ ጊዜ ይገባል። ሱብሓነላህ!

ስለ ሶላቱ ጥቂት ነጥቦች። ርቀቱ ለመንገደኛ ከሚፈቀደው በላይ በመሆኑ ባለ አራት ረከዓዎቹን ማሳጠር ይቻላል። ማጣመርን በተመለከተ በምሥራቁና በደቡቡ የሀገራችን ክፍል የተስፋፋው የሻፊዒይ መዝሀብ ይፈቅዳል፤ ከመካከላችን ሐነፊይ የሆኑት ግን በዚህ ሁኔታ አያጣምሩም። በአንድ ቡድን ውስጥ ሁለቱም ስለሚኖሩ ከመነሳታችን በፊት ተነጋግረን እንስማማ፤ ተራራ ላይ ክርክር አያምርም። ዉዱእ አድርጎ ኹፍ ያጠለቀ መንገደኛ ሦስት ቀን ከነሌሊቶቹ በላዩ ላይ ማበስ ይችላል፤ ይህ ለሳነቴ ብርድ የተሰጠ ትልቅ ቅለት ነው። የጀናባ ትጥበት ግዴታ ሆኖበት ውኃው የሚጎዳው፣ ማሞቂያም ያላገኘ ሰው ተየሙም ያደርጋል፤ ሰሓባው ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ.) በብርድ ሌሊት ያደረጉት ይታወቃል። ሶላቱ ድጋሚ ይሰገዳል ወይ በሚለው ላይ መዝሀቦች ስለሚለያዩ ኡስታዞቻችሁን ጠይቁ። ምድጃ ካለን ግን ውኃ ማሞቅ ነው፤ ሰበብ የለንም።

ተራራው የማን ነው?

ፓርኩ የተመሠረተው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። መስከረም 2016 ዓ.ም ደግሞ በሪያድ በተካሄደው ጉባኤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ደስ የሚል ዜና ነው፤ ግን አንድ ከባድ ጥያቄ አብሮት አለ። በፓርኩ ውስጥና ዙሪያ ከብት የሚያረቡ ቤተሰቦች ይኖራሉ። «ጎዳንቱ» በሚባለው ሥርዓታቸው እንደ ወቅቱ ከብቶቻቸውን ወደ ደጋውና ወደ ማዕድን ምንጮቹ ይወስዳሉ። ይህ ልማድ ከፓርኩ በፊት የነበረ ነው። በሌላ በኩል የሰፈራው መብዛት፣ ልቅ ግጦሽና የአስታ ቃጠሎ ተራራውን እየጎዱት ነው። ከብት ጠባቂ ውሾች የሚያመጡት የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ቀይ ቀበሮዎችን በተደጋጋሚ ፈጅቷል። የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም የነዋሪውን ውሾች የሚከትበው ለዚህ ነው።

ውኃውም አለ። ዌብ፣ ገናሌ፣ የዋቢ ሸበሌ ገባሮች ከዚህ ተነስተው ቆላውን አቋርጠው ሶማሊያ ይደርሳሉ። የሳነቴ ረግረግና የሐረና ጫካ ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ይዘው በበጋ ቀስ እያሉ ይለቁታል። ደኑ ከተመነጠረ ክረምት ጎርፍ፣ በጋ ደረቅ ወንዝ ይሆናል። ተጎጂው ተራራውን አይቶት የማያውቅ የቆላ አርብቶ አደር ነው።

እኛ መፍትሔውን አዘጋጅተን አልመጣንም። «ሰዎቹ ይውጡ» ማለት ለእንግዳ ቀላል ነው፤ «ተራራው ምን ይሆናል» ብሎ ማለፍም እንዲሁ። የጎብኚ ገንዘብ ወደ ነዋሪው ሲገባ ግን ጫካው ቆሞ መጠቅም መቻሉን ሰው በእጁ ያየዋል። ስለዚህ በእኛ በኩል የምንችለውን እናድርግ፦ አስጎብኚና ፈረስ ከአካባቢው እንከራይ፤ ማርና ቡና ከገበሬው እጅ እንግዛ፤ ዋጋ ስንከራከር ልክ ይኑረን፤ እሳት ከተፈቀደበት ቦታ ውጪ አናንድድ፤ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘን እንደወጣን ይዘን እንመለስ፤ ለቀበሮ ምግብ አንወርውር፤ ሰው ሳናስፈቅድ፣ በተለይ ሴቶችን፣ ፎቶ አናንሳ።

ለስድስት ቀን የሚሆን እቅድ

ቀን 1፦ ከአዲስ አበባ ወደ ሮቤ፤ አዳር እዚያው። ቀን 2፦ ዲንሾና ጋይሳይ በእግር፤ አዳር ዲንሾ። ቀን 3፦ ማለዳ ተነስቶ በጎባ በኩል ሳነቴና ቱሉ ዲምቱ፤ ዙህር እዚያው ተሰግዶ ወደ ሪራ መውረድ፤ አዳር ሪራ። ቀን 4፦ ሐረና ጫካ፤ ወደ ጎባ መመለስ። ቀን 5፦ ሶፍ ዑመር ደርሶ መልስ። ቀን 6፦ ወደ ግቢ። ድሬ ሸኽ ሑሴንን የሚጨምር ሁለት ቀን ያክል።

የሚሻለው ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ከመነሳታችን በፊት ከዩኒቨርሲቲው የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍ፤ የመንገዱ ጸጥታ ከአካባቢው ሰው በስልክ ይጣራ፤ የመግቢያ ክፍያ ከፓርኩ ይጠየቅ፤ ለወንድሞችና ለእህቶች የተለያየ ማረፊያ ቀድሞ ይያዝ። መክፈል የማይችል ወንድም ወይም እህት ካለ በስውር የሚሸፈንበትን መንገድ ጀመዓው ያስብ። የሦስት ሰው ወጪ ለሃያ ሰው ሲካፈል የሻይ ዋጋ ነው።

ባሌ የሚያውቁ፣ በተለይ ከዚያው አካባቢ የመጣችሁ ተማሪዎች፣ የጎደለውን እንድትሞሉልን፣ የተሳሳተ የቦታ ስም ካለም እንድታርሙን እንጠይቃለን። አላህ መንገዳችንን ሰላም ያድርግልን፤ ደርሰን የምናየውንም የምናስተውልበት ልብ ይስጠን።